ሪደብል ላይ የዘገየ ፓስ

ጥር 6

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። እንደምን ከረማችሁ፣ አንተም እትዬም? እኔ ደህና ነኝ። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ክሎሪን ልብሴን ሁሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ አድርጎት ነብር መሰልኩ እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም። ባቡርህ በእኛ በኩል ሲያልፍ ጡሩንባህን ከፓምፖቹ ጩኸት በላይ እሰማዋለሁ። ከአለቃዬ ጋር እየተነጋገርኩ ከሆነ «አጎቴ ነው» እለዋለሁ፤ እሱም «ሰላም በይልኝ» ይላል። አለቃዬን ሁሉም «ዝገት» ነው የሚለው፤ ከቧንቧዎቹ ጋር አብሮ የተተከለ ስለሚመስል።

የብሪጅ ካርታ ውድድራችን እንዳለቀ ሳልሰናበትህ ሮጬ በመውጣቴ አትቀየመኝ። አውቶቡሱ ያመልጠኛል ብዬ ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ከተሳፈርኩ በኋላ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ዋለ።

«ክሱ ምን ይላል? አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ» ላልከኝ ይኸውልህ። በመጨረሻው ዙር እኔና አንተን የገጠሙን ሁለቱ ጠበቆች፣ እነዚያ «ለካርታም ክራባት ያስራሉ» ብለህ የሳቅህባቸው፣ ለብሪጅ ፌዴሬሽኑ አቤት ብለዋል። አንደኝነታችን ታግዷል። የተከሰስነው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ለእትዬም እንድታነብላት ብሪጅ ለማያውቅ ሰው እንደማስረዳ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ወፍራሙ ጠበቃ «አንድ ጦር» ብሎ የጥሪውን ጨረታ ከፈተ። እኔ ደብል አልኩ፣ ዋጋውን እጥፍ አደረግኩት። ደብሌ «ጋሼ፣ ከጦር በቀር ሌሎቹን ሦስቱንም ዓይነት ይዣለሁ፣ አንዱን ምረጥልኝ» ማለት ነው። ቀጭኑ ጠበቃ ሪደብል ብሎ ዋጋውን እንደገና እጥፍ አደረገው። ተራው ያንተ ሆነ። አንተ ፓስ አልክ፤ ሳትጠራ አለፍክ። ወፍራሙም ፓስ አለ። እኔ «ሁለት ልብ» ብዬ ወጣሁ፤ ልብ ከእጅህ አራት ተገኘልኝና አሸነፍን።

ክሱ ፓስህ ላይ አይደለም። ከፓስህ በፊት ባለው ዝምታ ላይ ነው። «አዛውንቱ ፓስ ለማለት እጅግ ዘገዩ። መዘግየታቸው ልብ ይዘው እንደሚያመነቱ ለአጋራቸው ነገራት። እሷም ከሦስት እኩል ዓይነቶች መሃል ልብን መረጠች።» እንዲህ ነው ያሉት። ከጥሪው ውጭ በሌላ በምንም፣ በመዘግየትም ቢሆን፣ ከአጋር ጋር መነጋገር ማጭበርበር እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

ጋሼ፣ ልብን የመረጥኩት ነጥቡ ከሁለቱ ስለሚበልጥ ነው። እንዳስተማርከኝ ዓይኔን ከካርታዬ ላይ አላነሳሁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውላችን አለ! ክረምቱን ሙሉ በደብዳቤ ስንጨቃጨቅ ከርመን የተስማማንበት፦ ተቃራኒ ሪደብል ካለ፣ ከአንድ ዓይነት አምስት ካርታ የያዘ አጋር እሱን ይጠራል፤ አምስት ከሌለው ሳይውል ሳያድር ፓስ ይላል። ፓስ ማለት «እኔ የምለው የለኝም፣ አንቺው ምረጪ» ነው። አንተ አራት ነበሩህ። አራት ደግሞ አምስት አይደለም። ምኑ ይታሰባል? ይህንኑ ክሱን ለሚያየው የፌዴሬሽኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለፋርማሲስቱ፣ ጻፍኩለት። ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «ውላችሁ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ አጎትሽ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲያስቡ ነበር?»

እባክህ አንድ መስመር ጻፍለት። ምን ስታስብ ነበር? የቤትህ ጣሪያ ያፈሳል ብለህም ከሆነ፣ እሱኑ ጻፍ። ብሔራዊ ቡድኑ በመጋቢት ለውድድር ውጭ አገር ይሄዳል፤ ክሱ ከተነሳልን ከቡድኑ በዕድሜ ትልቁ አንተ፣ ትንሿ እኔ ነን። ሻንጣ ሁሉ ተውሻለሁ እኮ!

ስልክ ብደውል የሞተሩ ጩኸት ያደከመው ጆሮህ ግማሹን ይበላብኛል፤ ስለዚህ በደብዳቤ እጠብቅሃለሁ። ባቡርህን ሰላም በልልኝ። ረዳቶቹን ከጋቢና ካነሱባችሁ ወዲህ የምታወራው ከእሱ ጋር ብቻ አይደል?

የእህትህ ልጅ


ጥር 17

ለችኩሏ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እትዬሽ «ነብር መሰልኩ» ያልሽውን አንብባ እስክትሳል ሳቀች። «ፊቷን እንዳይነካው ቅባት ትቀባ» በልልኝ ብላለች።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ «ለምን አትመልስም?» ብለሽ ጮኸሽብኛል፤ በሦስተኛው ደግሞ «ተቀየምከኝ ወይ?» ብለሻል። ኧረ ልጄ፣ ሥራ ነው። አንዱ ባልደረባዬ ወገቡን ይዞት ስለተኛ የእሱንም ባቡር እኔው ነኝ የምነዳው። ቤት የምገባው ጫማዬን ለማውለቅ ብቻ ነው።

ምን ሳስብ እንደነበር ጠይቀሻል። ሰው ካርታ ይዞ ምን ያስባል? ካርታውን ነዋ! አራት ልብ ይዣለሁ፣ ልጥራው ወይስ ልተወው ብዬ ይሆናል። አንቺ ውል ውል ትያለሽ። ውል የሚደረገው በቀዘቀዘ ራስ ነው፤ ሪደብል ግን ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ነው የሚጮኽብሽ። ደግሞስ ያንቺ ፓስ ለእኔ አዲስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሪደብል ላይ ፓስ ካልኩ «ጦር በእጄ አለ፣ እዚሁ እንቀመጥ፣ ይምጡ!» ማለቴ ነበር። የፓስን ነገር የገለበጥሽብኝ አንቺ ነሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ መጽሐፍ አንብበሽ መጣሽና «ጋሼ፣ ይሄ ያረጀ ነው፣ ሪደብል በተባለ አንድ ጦር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያተርፍ የለም» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ግን አሮጌ ሀዲድ ላይ አዲስ ምልክት ሲተከል፣ ነጂው አንዴ ዓይኑን ማሸቱ አይቀርም።

ተይው ልጄ። በሚቀጥለው ዓመትም ውድድር አለ። አንቺ ገና ዛሬ ነው የበቀልሽው። ለፋርማሲስቱ የምጽፈውን ጽፌ እልክለታለሁ፤ አንቺ ግን ረጋ በይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?

እትዬሽ ሰሞኑን አዲስ ቀልድ አምጥታለች። «ማንኪያውን አየር ላይ ሰቅለህ የት ደርሰህ መጣህ?» ትለኛለች። ባል ሲያረጅ ሚስት የምትስቅበት አታጣም።

አጎትሽ


ጥር 25

ጋሼ፣

ለሰላምታህ አመሰግናለሁ፤ ቅባቱንም ገዝቻለሁ፣ እትዬ ደስ ይበላት።

ግን እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ፣ ለእኔ የጻፍከውን መልስ ለፋርማሲስቱ እንዳትልከው። «ልብ ልጥራ ወይስ ልተው እያልኩ ነበር» ካልክ፣ ጠበቆቹ ያሉትን አጸደቅህላቸው ማለት ነው። ማሰብ ወንጀል አይደለም፤ አንተን ማንም አይነካህም። ወንጀለኛዋ ያንተን ማመንታት ሰምታ የተጠቀመችው ናት። እሷ ደግሞ እኔ ነኝ። አጭበርባሪ የሚለው ስም የሚለጠፈው እኔ ላይ ነው፤ ገና ስሜን ሰው ሳያውቀው።

ደግሞም ይቅር በለኝና፣ ሳስብ ነበር ያልከውን አላመንኩህም። አንተ ስታስብ አውቅሃለሁ። ጢምህን ትጎትታለህ፣ ካርታዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ታመላልሳለህ፣ ተቃራኒው እስኪሰለቸው «እእእ…» ትላለህ። ያን ዕለት «እእእ» አልሰማሁም። ዓይኔን ስላላነሳሁ ሌላውን ለማወቅ ለውድድሩ ዳኛ ደወልኩላት። ከጀርባዬ ቆማ አንተን እያየች ነበር። እንዲህ አለችኝ፦ «አጎትሽ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ ግን የሚያዩት ነገር አልነበረም። ቀጭኑ ‹አባት፣ ተራዎ ነው› አላቸው፣ አልሰሙም። ሄጄ ትከሻቸውን ነካሁ፣ አልተሰማቸውም። ከዚያ ድንገት ‹ማን ነው ተራው?› አሉ።» ይህቺን የመጨረሻዋን እኔም ሰምቻታለሁ። ሁላችንም ስቀን ነበር። የጆሮህ ነገር ነው ብዬ።

ጋሼ፣ አሞህ ነበር እንዴ? እንዲያ ከሆነማ አለቀ፣ ድነናል! የታመመ ሰው መዘግየት ለማንም ምልክት አይሆንም፤ ክሱ እዚያው ይፈርሳል። ፋርማሲስቱ ራሱ መድኃኒት ጠቅልሎ ይልክልሃል። አንድ ቃል ብቻ ጻፍለት፦ አሞኝ ነበር።

ለእትዬም ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። አንተ ነገር ስለምታሳጥር ነው።

አንድ ያልጨረስነው ውል አለን፦ የራሳችን ጥሪ ደብል ተብሎ ከእኛ አንዱ ሪደብል ቢልስ? የዚያን ጊዜ የአጋር ፓስ ምን ይባላል? አውሮፕላኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጨርሰዋለን። መስኮቱ የእኔ ነው።

የእህትህ ልጅ


የካቲት 4

ልጄ፣

ደህና ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት ያስቀመጥኩት ሌላውን ሁሉ በእሱ ላይ ቆመሽ እንድታነቢው ነው።

ያንን ቃል በደብዳቤ ዳግም እንዳትጽፊው። ደብዳቤዬ የሚደርሰኝ በባቡር ዴፖው አድራሻ ነው፤ መሣሪያ ሳጥኖቹ ላይ ውሎ የስንቱ ሰው እጅ ያገላብጠዋል። «አሞህ ነበር እንዴ?» የሚል ወረቀት በአንድ ባቡር ነጂ ስም ከተላከ ፖስታ ውስጥ ቢወጣ ምን እንደሚከተል፣ የተማርሽ መሐንዲስ አይደለሽ፣ አስቢው። አንቺን የሚያድንሽ ቃል እኔን በዚያው ቀን ከጋቢናው ያወርደኛል።

እትዬሽ የጻፈችልሽንም አውቃለሁ። መደበቅ ስለማትችልበት ራሷ ነገረችኝ። ማንኪያው፣ ምላጩ፣ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ መቆሜ። እሺ፣ አልክድሽም። አንዳንዴ መብራት ሄዶ እንደሚመጣ ሄዶ ይመጣል። አያምም። አልወድቅም፣ አልንቀጠቀጥም። ሥራ ላይ ግን አንድም ቀን ደርሶብኝ አያውቅም። ቢደርስስ? ከእግሬ ሥር ፔዳል አለ። እግሬ ከለቀቀው ባቡሩ ራሱን በራሱ ያቆማል፤ ነጂው አንድ ነገር ቢሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ለፋርማሲስቱ ጽፌለታለሁ። ሳስብ ነበር አልኩት። ላስቀይምሽ ፈልጌ አይደለም፤ ያንቺ ነገር ሳያንገበግበኝ ቀርቶም አይደለም። ካርታው ግን ካርታ ነው። እናትሽ ያረፈች ጊዜ ታቅፌሽ የመጣሁት በዚያው ባቡር ነው፤ ያሳደገሽም እሱ ነው። ያለ እሱ እኔ ምንድን ነኝ? መንገድ ላይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ። ካርታ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ከካርታም ያስወጣሁሽ እኔ ልሁን። ቂሙን ለእኔ አድርጊው።

አጎትሽ


የካቲት 16

ጋሼ፣

«ውሳኔውን በምን ቻልሽው?» ላልከኝ፣ አልቻልኩትም። ፋርማሲስቱ ቢሮው ጠርቶ፣ እጄን ሳይጨብጥ፣ «አጎትሽ እንኳ አምነዋል» አለኝ። አንደኝነቱ ለጠበቆቹ ተሰጠ። አንተ ተግሣጽ፣ እኔ ሁለት ዓመት እገዳ። ቡድኑ ውስጥ የገቡት እነሱ ናቸው። ሻንጣውን ለባለቤቷ መለስኩላት፤ «ምነው፣ ጉዞው ቀረ እንዴ?» አለችኝ፣ «ቀረ» አልኳት። ሥራ ቦታ ዝገት አንድም ቃል ሳይጠይቀኝ የአሸዋ ማጣሪያዎቹን እጥበት ሰጠኝ። ውሃው ሲገለበጥ ጩኸቱ ብዙ ስለሆነ እዚያ ብታለቅስ ማንም አይሰማህም። እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል።

ይሄኛው ይቅር። ስለ ካርታ ዳግመኛ አልጽፍልህም። ስለ ሌላው ነው።

ዳኛዋ ጋ እንደገና ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦ «ዓይኑ ባዶ በነበረ ጊዜ ካርታዎቹስ?» «ካርታዎቹማ በእጃቸው እንደተዘረጉ ነበሩ» አለችኝ፤ «አንዲትም አልተንሸራተተች።» ገባህ፣ ጋሼ? አንተ አልነበርክም፤ እጅህ ግን ሥራው ላይ ነበር። እግርህስ? የሄደ ሰው እግር ካለ ሰው እግር አይቀልም። ፔዳሉ የሚያውቀው ክብደትን ነው፣ ሰውን አይደለም።

«ሥራ ላይ አንድም ቀን ደርሶብኝ አያውቅም» ትላለህ። በምን አወቅክ? ካርታው ጠረጴዛ ላይ የነገሩህ እኮ ሰዎች ናቸው። ማንኪያውን የነገረችህ እትዬ ናት። ጋቢናው ውስጥ ማን አለ?

የጠዋቱን ተሳፋሪዎች በመልክ ታውቃቸዋለህ። የሌሊት ተረኛ ነርሶቹ፣ ተማሪዎቹ፣ ያቺ ድመቷን በቅርጫት ይዛ የምትመላለሰው ሴትዮ። አንተ ነህ ታሪካቸውን የምትነግረኝ። እባክህ ራስህ ሂድና ለሐኪም ንገር። ሥራ የሚያውቁ እጆች አሉህ እኮ፤ ጥገና ክፍል ይሰጡሃል፣ ወጣቶቹን ታስተምራለህ። እኔም ካርታ ተምሬብህ አይቻለሁ አይደል፣ ከአንተ የተሻለ አስተማሪ የለም።

እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ። ካልሄድክ ለዴፖው ኃላፊ እኔ እጽፋለሁ። ሳልነግርህ ባደርገው ይቀለኝ ነበር።

የእህትህ ልጅ


መጋቢት 5

ለተከበሩ መሐንዲስ፣

እርስዎ ለዴፖው ኃላፊ የላኩት ማመልከቻ ደርሷል። ኃላፊው ያነበበልኝ አቁሞኝ ነው፤ አብረውኝ ያረጁ ሰዎች በመስኮት እያዩ።

«ሐኪም አየህ ወይ?» ብለው በባለቤቴ በኩል ላስጠየቁት፣ አዎ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም አይቶኛል። ጉልበቴን በመዶሻ መታ። ፊደል አስነበበኝ። በአንድ እግሬ አቆመኝ። ልቤን አዳመጠ። «ከእኔ ትሻላለህ» ብሎ ፈረመልኝ። ባለቤቴንም ጠርተው ጠየቋት፤ «ምንም አላየሁም» አለች። አይፍረዱባት። ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖረው እሷ ናት፣ እርስዎ አይደሉም።

ከመጋቢት አሥር ጀምሮ የጠዋቱን ባቡር እንደ ቀድሞዬ እነዳለሁ። ዴፖው ውስጥ ስም ወጥቶልኛል። ሳልፍ «ሄዶ መጣ!» ይሉኛል። የክርስትና እናቴ እርስዎ ነዎት።

ከእንግዲህ በዚህም ሆነ በሌላ ጉዳይ አይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
የባቡር ነጂ


መጋቢት 8

ጋሼ፣

የሌላ ሰው ደብዳቤ የከፈትኩ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አድራሻውን አየሁ። አንተ እንዳሻህ ጥራኝ። እኔ አንተን «እርስዎ» ማለት አልችልበትም፤ አላስተማርከኝም።

እትዬን አልተቀየምኳትም። ሐኪሙንም አልተቀየምኩትም፤ እሱ የመረመረህ ባለህበት ሰዓት ነው።

አትጻፊልኝ ብለሃል፤ ይቺን ብቻ ታገሠኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ዝገት «ለምንድን ነው?» አለኝ። «ባቡር ልሳፈር» አልኩት። «ወዴት?» «እስከ መጨረሻው ጣቢያ።» «ከዚያስ?» «ከዚያማ እመለሳለሁ።» ትንሽ አየኝና «እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ምክንያት የለሽ ባቡር ተሳፍሬ አውቃለሁ፤ ስመለስ ግን አግብቼ ነበር» ብሎ ፈረመልኝ። ምነው እንደሱ በሆነ።

ማመልከቻ ባቡር እንደማያቆም አየሁ። ስለዚህ ከአሥር ጀምሮ በየጠዋቱ ከጣቢያዬ እሳፈራለሁ፤ በመጀመሪያው ፉርጎ፣ ከጀርባህ። በከሰዓቱ አብሬህ እመለሳለሁ። ፈቃዴ ሲያልቅ ሌላ እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉኝ ሥራውን እተዋለሁ። ላስፈራራህ አይደለም። ነርሶቹና ተማሪዎቹ የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ከሩቅ ሆኜ ጡሩንባህን መስማት አቃተኝ። ደህና ነኝ ካልክ እነሆ፣ ነፍሴን ይዤ አምኜሃለሁ። ደህና ካልሆንክ ደግሞ ማንን እንደጫንክ እወቅ።

መድረኩ ላይ ቆሜ እጄን አነሳልሃለሁ። ባታየኝም ግድ የለም።

የእህትህ ልጅ


መጋቢት 12

ልጄ፣

ባቡሩ ከመሿለኪያው ማዶ ባለችው ትንሽ ጣቢያ ለምን ያን ያህል እንደቆመ፣ ሌላ ነጂ ለምን እንደመጣ፣ እኔስ ሳላናግርሽ የት እንደገባሁ ጠይቀሽኛል። እትዬሽ «አሁንም ካልጻፍክላት እኔ እጽፋለሁ» ብላ ወረቀቱን ፊቴ አስቀምጣ ቆማለች።

ያን ጠዋት ከዴፖ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ጣቢያሽ ስደርስ ዓይኔን ከፊት ለፊት ሀዲዱ ላይ ተክዬ፣ አንቺን ላላይ ምዬ ነበር። የሲሚንቶ ፋብሪካውን አለፍኩ። የጣቢያሽ የሩቅ ምልክት ታየኝ፤ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ መሿለኪያው ውስጥ ነኝ።

መሃሉ የለም፣ ልጄ። ጨለማው መሿለኪያው መሆኑን ያወቅኩት የግድግዳው መብራቶች ሲያልፉኝ ነው። እጄ ማፍጠኛው ላይ፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበሩ። እንዳልሽው አልለቀቀም።

ጣቢያሽን ሳልቆም ጥሼው የመጣሁ መሰለኝ። ቀይ ምልክት ጥሼ፣ ሰው ገጭቼ፣ አንቺን መድረኩ ላይ… አላውቅም። ከመሿለኪያው እንደወጣሁ በትንሿ ጣቢያ አቆምኩና የጣቢያውን ሹም «ወደኋላ ደውልልኝ፣ ምን እንዳደረግኩ ጠይቅልኝ» አልኩት። ሲደውል እጁን ነበር የማየው። ስልኩን ዘግቶ «ምን ነካህ፣ ቆመሃል እኮ! ሰው አውርደህ፣ ሰው ጭነህ፣ ምልክቱን ጠብቀህ ነው የወጣኸው። አንድም ስህተት የለም» አለኝ። ሊያጽናናኝ መሰለው። ስህተት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

«አሞኛል፣ ሌላ ነጂ ጥራ» አልኩት። ቁልፉን ሰጠሁት። ያን ቃል ስል የፈራሁትን ያህል አልከበደኝም፤ የከበደኝ ከጋቢናው ደረጃ መውረዱ ነው።

በአጠገብሽ አልፌ ነበር፤ ኮፍያዬን በብብቴ ይዤ፣ እግራቸውን ሊያፍታቱ ከወረዱት ሰዎች ጋር። አንቺ በመስኮቱ ወደ ጋቢናው ታዪ ነበር። ፊትሽ በርቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ላናግርሽ አፈርኩ።

ለዴፖው ኃላፊ ጽፌያለሁ። ለፋርማሲስቱም እውነቱን ጽፌያለሁ። ስምሽን እናጸዳለን ብሏል፤ ቡድኑ ግን ከነጠበቆቹ ሄዷል። ይቅርታ የምልሽ ስለዚህ ነው። ስለ ተሳፋሪዎቹ ማንን ይቅርታ እንደምል አላውቅም። ስንት ጠዋት እንዲህ እንዳለፈ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ደብዳቤሽን የጨረስሽባትን ነገር እትዬሽ ደግማ ደጋግማ አነበበችልኝ። «እጄን ሳነሳልህ አንተም እጅህን አነሳህልኝ፣ ፈገግም አልክልኝ፤ ታርቀናል ብዬ እስከ መሿለኪያው ስስቅ መጣሁ» ብለሻል።

አልዋሽሽም። እኔ አልነበርኩም።

አጎትሽ